የሕፃናት የአጥንት ብግነትና የሙሉ አካል ኤም.አር.አይ ምርመራ

በልጆች ላይ የሚታይ የአጥንት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከመውደቅ፣ ከግጭት ወይም ከኢንፌክሽን ጋር ይያያዛል። ይሁን እንጂ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ሳይኖሩ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት በራሱ ተነሣሥቶ አጥንትን የሚያስቆጣበት ሁኔታ አለ። ይህ ሕመም ሥር የሰደደ ባክቴሪያ አልባ የአጥንት ብግነት ይባላል። በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ምልክቶቹ

ሕመሙ በአብዛኛው በ10 ዓመት ዕድሜ አካባቢ በሚገኙ ልጆች ላይ የሚጀምር ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። የቅልጥም፣ የጭን፣ የዳሌና የአከርካሪ አጥንቶችን እንዲሁም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘረጋውን አጥንትና መንጋጋን ያጠቃል። ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ እብጠትና ማነከስ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሕመሙ ለሳምንታት ቆይቶ ይተዋል፤ ከዚያም በዚያው ወይም በሌላ አጥንት ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ለስሕተት የሚዳርገውም ይኸው መመላለሱ ነው። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጋብ ሲል የተሰጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሠራ ይመስላል፤ ሲመለስ መድኃኒቱ በድጋሚ ይታዘዛል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ልጆች ለረጅም ጊዜ የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ መግል ይኖራል በሚል ግምትም ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል።

ሙሉ አካልን ማየት ለምን አስፈለገ?

በሕመሙ መጀመሪያ ላይ የራጅ ምርመራ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ኤም.አር.አይ ግን በአጥንት መቅኒ ውስጥ በብግነት ምክንያት የሚጨምረውን ፈሳሽ ስለሚለይ ለውጡን ቀድሞ ያሳያል። የሙሉ አካል ምርመራ ሲደረግ ልጁ ያመመኝ ያለው ቦታ ብቻ ሳይሆን፣ ከራስ እስከ እግር ያለው አካል በተከታታይ ይነሣል።

የዚህ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብግነቱ በተለያዩ አጥንቶች ላይ የሚታይበት የተለየ አቀማመጥ ሐኪሙ ሕመሙን ከሌሎች በሽታዎች ለመለየት ይረዳዋል። ሁለተኛ፣ ሕመም ሳያስከትል የተደበቀ ብግነት ይገኛል። በተለይ የአከርካሪ አጥንት ብግነት በጊዜ ካልታወቀ አጥንቱ ሊደቅና የልጁ ጀርባ ሊጎብጥ ይችላል። አከርካሪው መጠቃቱ ሲታወቅ ሐኪሞች ጠንከር ያለ ሕክምና የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ምርመራው በአብዛኛው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። መሣሪያው የሚሠራው በማግኔት ኃይል በመሆኑ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር የለውም፤ ስለዚህ የሕክምናውን ውጤት ለመከታተል ሊደጋገም ይችላል። ልጁ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ይኖርበታል። መሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ ስላለው የጆሮ መከላከያ ይደረግለታል። በጣም ትንንሽ ልጆች የማስተኛ ወይም የማደንዘዣ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በሰውነት ውስጥ የገባ ማንኛውም ብረት ካለ አስቀድሞ ለባለሙያው መነገር አለበት።

የምርመራው ወሰን

የኤም.አር.አይ ምስል ብቻውን የመጨረሻ ውሳኔ አይሰጥም። በማደግ ላይ ባለ ልጅ መቅኒ ላይ ጤናማ የሆነ ለውጥ ብግነት መስሎ ሊታይ ይችላል። የደም ካንሰር፣ የአጥንት ዕጢ፣ የአጥንት ቲቢና የባክቴሪያ ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። ስለሆነም የደም ምርመራ ይታከልበታል፤ በተለይ ብግነቱ በአንድ አጥንት ላይ ብቻ ሲታይ፣ ወይም ከፍተኛ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ሲኖር ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

በሀገራችን የኤም.አር.አይ አገልግሎት በብዛት የሚገኘው በትላልቅ ከተሞች በመሆኑ፣ ተመላላሽ የአጥንት ሕመም ያለበት ልጅ በወቅቱ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላኩ ወሳኝ ነው።

ለወላጆች የሚሰጥ ምክር

ሕመሙ ሊታከም የሚችል ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ብግነትን በሚቀንሱ የሕመም ማስታገሻዎች ይጀምራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም አጥንትን የሚያጠነክሩ ወይም የመከላከል ሥርዓቱን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። ወላጆች ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና ቦታ መዝግበው፣ ቀደም ሲል የተደረጉ ምርመራዎችንና የተወሰዱ መድኃኒቶችን ማስረጃ ይዘው ወደ ጤና ተቋም እንዲቀርቡ ይመከራል። የታዘዘን መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።