የዕረፍት ጉዞ ወደ ታይላንድ፦ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ታይላንድ ከቻይና ውጭ የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጋገጠች ሀገር ናት። ይህ የሆነው ጥር 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሀገራችን የመጀመሪያውን ታማሚ ያስታወቀችው ከሁለት ወር በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ታይላንድ በሯን ለጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ዘግታለች፤ ብዙ ጊዜም ከፍታለች። ከመስከረም 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮቪድ-19 ክትባት ማስረጃም ሆነ የምርመራ ውጤት መጠየቅ አቁማለች። ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የቀጥታ በረራ ስላለም ለሕክምና ወደዚያ ሲመላለሱ የቆዩ ቤተሰቦች አሁን ለዕረፍትም ማሰብ ጀምረዋል። ይሁን እንጂ የመግቢያ ገደብ መነሣቱ የወረርሽኙን ማብቃት አያመለክትም። ሀገሪቱ ተጓዡን መመርመሯን ስትተው፣ ቢታመም ምን እንደሚያደርግ የማሰቡ ኃላፊነት በተጓዡ በራሱ ላይ ይወድቃል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ታሪክ የጉዞ ደንብ ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በተጀመረው የፉኬት ደሴት ፕሮግራም፣ የተከተበ ጎብኚ ወደ ሌላ የሀገሪቱ ክፍል ለማለፍ አስቀድሞ በደሴቲቱ 14 ቀናት መቆየት ነበረበት። ጥቅምት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. በሌላ አሠራር ከተወሰኑ ሀገሮች ለሚመጡ የተከተቡ ጎብኚዎች የምርመራ ውጤት እስኪደርስ አንድ ሌሊት በሆቴል መጠበቅ ብቻ በቂ ሆነ። የኦሚክሮን ዝርያ ሲከሰት በታኅሣሥ ወር የዚህ አሠራር አዲስ ምዝገባ ቆመ፤ በጥር መጨረሻ እንደገና ተከፈተ። ከተጓዥ የሚጠየቀው ዝቅተኛ የጤና ዋስትና ሽፋንም በዚያው ዓመት ከ50,000 የአሜሪካ ዶላር ወደ 20,000፣ ከዚያም ወደ 10,000 ወርዶ በመጨረሻ ተነሣ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መጨረሻም ቻይና ድንበሯን ስትከፍት የክትባት ማስረጃ እንደገና እንደሚጠየቅ ተገለጸ፤ ውሳኔው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻረ። በእነዚያ ቀናት ሻንጣውን ያዘጋጅ የነበረ ሰው የትኛውን ደንብ መያዝ እንዳለበት ቢቸግረው አይፈረድበትም።

ስለሆነም ትኬት በተቆረጠበት ዕለት የነበረውን ደንብ ብቻ ተማምኖ መጓዝ አይገባም። ደንቡን ከግዢ በፊት፣ ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በመጨረሻም በዋዜማው ከኤምባሲውና ከአየር መንገዱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሰነድ ያልተሟላለትን መንገደኛ በመሳፈሪያው የሚያስቀረው አየር መንገዱ በመሆኑ የእርሱ ምላሽ ትልቅ ክብደት አለው። በሌላ ሀገር አቋርጠው የሚሄዱ ከሆነም የዚያን ሀገር ደንብ መጠየቅዎን አይርሱ። ትኬትም ሆነ የሆቴል ክፍል ሲገዙ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ቀን ለመለወጥ የሚፈቅደውን ይምረጡ።

በዚህ ሁሉ መለዋወጥ መካከል ለእኛ ተጓዦች ያልተለወጠ አንድ ግዴታ አለ፤ እርሱም የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው ሀገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ከዚህ የሚነሣ ተጓዥ በባንኮኩ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ኢሚግሬሽን ከማለፉ በፊት በጤና ቁጥጥር መስኮት ቢጫ ካርዱን ማሳየት አለበት። የክትባት ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀናት በኋላ ነው። በጉዞው ሳምንት ለመከተብ ማሰብ የማይበጀውም ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቀድሞ የተከተበ ሰው ካርዱን ፈልጎ ማግኘት እንጂ እንደገና መከተብ አይጠበቅበትም። ክትባቱ ሕይወት ካለው ነገር ግን ከተዳከመ ቫይረስ የተሠራ ስለሆነ ነፍሰ ጡሮች፣ የመከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሕሙማንና ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። የኮቪድ-19 ማጠናከሪያ ክትባትንም በዚሁ አጋጣሚ ማሟላት ይቻላል።

ጊዜንና ቦታን በመምረጥ ብቻ ብዙ አደጋ ማስቀረት ይቻላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ደረቅና ለዘብ ያለ አየር ያለው ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በሰሜኑ በቺያንግ ማይ አካባቢ ከማሳና ከጫካ ቃጠሎ የሚነሣ ጭስ ስለሚከማች፣ አስም ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ያ ወቅት አይመከርም። በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ የሚከበረው የሶንግክራን አዲስ ዓመት እጅግ ውብ በዓል ነው፤ ከአረጋውያን ወላጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው ግን አውቶቡሱም ባቡሩም የሚጨናነቅበት ሳምንት ነው። በ2013 ዓ.ም. በታይላንድ ከተነሡት ትላልቅ ማዕበሎች አንዱ በሳሙት ሳኮን የሽሪምፕ ገበያና በዚያ ተጨናንቀው በሚኖሩ ሠራተኞች ዘንድ፣ ሌላው በባንኮክ ቶንግሎር ሰፈር የምሽት መዝናኛ ቤቶች ውስጥ መታየታቸው ልብ ሊባል ይገባል። ቫይረሱ የሚመቸው ሰው ተፋፍጎ ብዙ ሰዓት የሚቆይበትና አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ነው። የባሕር ዳርቻ፣ የቤተ መቅደስ ግቢና ደጅ ላይ የሚበላባቸው ምግብ ቤቶች በዚህ ረገድ ይመረጣሉ። በባቡር፣ በተሳፋሪ በታጨቀ ጀልባና በአውሮፕላን ውስጥ ግን የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ተገቢ ነው፤ የሀገሬው ሰው ራሱ ስለሚያደርግ እንግዳ አያሰኝም።

አብዛኛው ተጓዥ የሚዘነጋው የዕቅድ ክፍል ሕመም በዚያው ቢያገኝ የሚኖሩትን ቀናት ነው። በምርመራ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ራሱን ለይቶ የሚቆይበት ክፍል፣ የሚለወጥ የመመለሻ ትኬት፣ የማያልቅ ቪዛና ለተጨማሪ ቀናት የሚበቃ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በቤተሰብ ለሚጓዙ ደግሞ ልጆቹን ይዞ የሚመለሰውና ከታማሚው ጋር የሚቀረው ማን እንደሆነ አዲስ አበባ ሳሉ መነጋገር ይሻላል፤ ይህ በሆቴል ኮሪደር ላይ በጭንቀት የሚወሰን ነገር አይደለም። የጉዞ ዋስትና ሲገዙ ውሉ ኮቪድ-19ን በስም መሸፈኑን፣ ከቀድሞ የነበረ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመምን አለማግለሉን ያንብቡ። ዋስትና የሌለው ታካሚ በግል ሆስፒታሎች ቅድሚያ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። በታይላንድ የድንገተኛ ሕክምና ስልክ 1669፣ የቱሪስት ፖሊስ ደግሞ 1155 ነው።

ትኩሳት ሲመጣ ሁሉንም ከኮቪድ-19 ጋር ማያያዝም አደጋ አለው። በታይላንድ፣ በተለይ በዝናቡ ወራት፣ የደንጌ ትኩሳት በስፋት ይታያል። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ የታየው ይኸው በሽታ ነው። የሚያስተላልፈው ቀን የሚናከስ ትንኝ ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም፤ እጅጌው ረዘም ያለ ልብስና ቆዳ ላይ የሚቀባ ትንኝ ማባረሪያ ያስፈልጋል። ትኩሳቱ፣ የራስ ምታቱና የጡንቻ ሕመሙ ከኮቪድ-19 ጋር ስለሚመሳሰሉ ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም። በቤት የሚደረግ ፈጣን ምርመራ ቫይረሱ የለም ቢል እንኳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። እስከዚያው ትኩሳትን ለማብረድ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይወሰድ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በደንጌ የተያዘን ሰው ለደም መፍሰስ ሊዳርጉ ስለሚችሉ በራስ ፈቃድ አይወሰዱ፤ ለልብ ሕመም አስፕሪን በሐኪም የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ትኩሳቱ በረደ ተብሎ ሲታሰብ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት ከታየ ሳይዘገዩ ሆስፒታል መድረስ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የዘወትር መድኃኒት ያለው ሰው ከቆይታው በላይ የሚበቃውን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዝ። አንዳንድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በዚያ ሀገር ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ውሻ ወይም ጦጣ ቢነክስ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መጀመር ግድ ነው።

ከተመለሱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት አረጋውያን ወላጆችን ከመጠየቅና ለቅሶም ሆነ ሠርግ ከመታደም በፊት የራስን ጤንነት መከታተል ይመከራል። ሳል ወይም ትኩሳት ከተሰማዎ ከሌሎች ተለይተው በ8335 ይደውሉ፤ ወይም መሸፈኛ አድርገው በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ። ለባለሙያውም በታይላንድ የትኞቹን አካባቢዎች እንደጎበኙ፣ መቼ እንደተመለሱና ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ሳይጠየቁ ይንገሩ።