ጤንነትን የሚከታተል የእጅ ሰዓት አመራረጥ

የእጅ ሰዓት ቀድሞ የሚፈለገው ጊዜን ለማወቅ ነበር። ዛሬ ግን ስማርት ሰዓት የሚባለው ዓይነት ርምጃን ይቆጥራል፤ የልብን ምት ይለካል፤ የእንቅልፍንም ርዝመት ይገምታል። ዋጋው ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ ስለሚለያይ፣ ዐቅሙ የተወሰነ ገዢ ከመልኩ ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሰዓቱን ገልብጠን ብንመለከት ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ሲበራ እናያለን። ደም አረንጓዴ ብርሃንን የመዋጥ ጠባይ አለው። ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓ ውስጥ ያለው ደም ለቅጽበት ስለሚበዛ፣ ወደ ሰዓቱ ተመልሶ የሚንጸባረቀው ብርሃን ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ይህንኑ እየተከታተለ የልብን ምት ያሰላል። ማሰሪያው ከላላ፣ እጅ አብዝቶ ከተወዛወዘ ወይም ቆዳው ላይ ንቅሳት ካለ ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል። ርምጃን የሚቆጥረው ግን እንቅስቃሴን የሚለይ ሌላ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እርሱም በርካሾቹ ሰዓቶች ውስጥ እንኳ ይገኛል። ሻኦሚ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በ79 ዩዋን ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሚ ባንድ የልብ ምት መለኪያ አልነበረውም፤ ርምጃንና እንቅልፍን ብቻ ይከታተል ነበር።

ገዢው ሰዓቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሊፈትነው ይችላል። ጥቂት ዐርፎ ከተቀመጠ በኋላ የእጅ አንጓውን ትርታ በሁለት ጣቱ ለ60 ሴኮንድ ይቁጠርና ሰዓቱ ካሳየው ጋር ያስተያይ። ቀጥሎም 100 ርምጃ እየቆጠረ ይራመድ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ ሱቅ መፈለግ ነው። ሰዓቱ ከገዢው ስልክ ጋር መስማማቱም መታየት አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳር ይለካል» ተብሎ የሚሸጠው ሰዓት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳን ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ አስታውቋል። ነገሩ የዋዛ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ሰዓቱ በስሕተት ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳየው ከሚገባው በላይ መድኃኒት ይወጋል፤ የደሙም ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ሊስት፣ አልፎም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ አባቱ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ተማሪ ምክር ቢጠየቅ፣ ርምጃና የልብ ምት ብቻ የሚቆጥረውን ርካሽ ሰዓት ይምረጥ፤ በተረፈው ገንዘብም ጣት ተወግቶ በሚወጣ ደም ለሚሠራው የስኳር መለኪያ የሚያስፈልጉትን የመመርመሪያ ወረቀቶች ይግዛ።