ቢገፉት የማይገባ ክፍል፦ የመኪና ቤት ተመዛዥ ክፍሎች ብልሽትና ጥገና በፊዚክስ ዓይን

ሐሙሲት ስሟ እንደሚመሰክረው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚያመራው የአስፋልት መንገድ መካከሏን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በገበያ ቀን ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና ተጋፍተው ይተላለፉባታል። ከዓመታት በፊት በአንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ስንጓዝ በመንገዱ ዳር ከወትሮው የተለየ ግርግር ተመልክተን ወረድን። የውጭ አገር ሰሌዳ የለጠፈ ትልቅ የመኪና ቤት ቆሟል፤ ከጎኑ አንድ ሙሉ ክፍል፣ መስኮቱና መጋረጃው ሳይቀር፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ወጥቶ አልመለስ ብሏል። በዕድሜ የገፉት ባልና ሚስት ምሳቸውን ለመብላት ክፍሉን እንዳወጡት፣ ከዚያ በኋላ ግን አንደኛው ጎኑ ጥቂት ገብቶ እንደቆመ ነገሩን። ክፍሉ ካልገባ መኪናው ሊነቃነቅ አይችልም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ከወረታ በኩል የሚመጡት ገልባጭ መኪኖችም የወጣውን ግድግዳ እየታከኩ ያልፋሉ።

የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች በመተማ ገብተው፣ ጎንደርን፣ ወረታንና ሐሙሲትን አልፈው ወደ ደቡብ መውረዳቸው የተለመደ ነበር። አብዛኞቹ የሚጓዙት በተራ ባለ አራት ጎማ ተነቃናቂ መኪና ሲሆን፣ ተመዛዥ ክፍል ያለው መኪና ግን በአገራችን መንገድ እምብዛም አይታይም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ጊዜያቸው ሲከራዩት ያውቁት ይሆናል። ጎናቸው የሚሰፋ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ተሽከርካሪዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ቤትን ይዞ መጓዝ በራሱ ለደቡብ ጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የነገሥታቱ ከተማ ለረጅም ዘመን የድንኳን ከተማ ነበረችና፣ አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ እያስጎተቱ በየሰፈሩበት ድንኳን ይተክሉ ነበር። ድንኳን ግን ጨርቅ ነው፤ ይታጠፋል። ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ቤት አይታጠፍምና በጉዞ ጊዜ ጠብቦ በማረፊያ ጊዜ እንዲሰፋ ከተፈለገ ያለው መንገድ እንደ ሣጥን መሳቢያ መመዘዝ ነው። በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚጠቀሰው ኒውማር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ተመዛዥ ክፍል ያለው የመኪና ቤት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ክፍሉ የሚንቀሳቀሰው በ12 ቮልት ባትሪ በሚሠራ ሞተርና በጥርሳም ሐዲድ፣ በሽቦ ገመድ ወይም በዘይት ግፊት ነው። በሐሙሲት ያየነው አሮጌ መኪና በክፍሉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሞተር ነበረው፤ እያንዳንዱ ሞተር የበኩሉን ጥርሳም ሐዲድ ይገፋል።

በዚያን ዕለት የሠራነውን ስሕተት ብንናገር አናፍርም፤ ለአንባቢ ይጠቅማልና። ከመኪናችን የኤሌክትሪክ መለኪያ አውጥተን የማይንቀሳቀሰውን ሞተር ሽቦ ነቅለን ለካን። 12.5 ቮልት አሳየ። «ኤሌክትሪኩ ይደርሳል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም፤ ስለዚህ ሞተሩ ተቃጥሏል» ብለን በልበ ሙሉነት ፈረድን። ባልና ሚስቱ ተስፋ ቆርጠው ተያዩ። በአካባቢው የመኪና ኤሌክትሪክ የሚጠግን አንድ ወጣት መጣና የእኛን ፍርድ በትዕግሥት ካደመጠ በኋላ፣ «መምህር፣ ሞተሩ አልሞተም፤ ርቦት ነው» አለን። ሽቦውን መልሶ ካሰረ በኋላ ሴትዮዋ ማብሪያውን ተጭነው እንዲይዙ አድርጎ በዚያው መለኪያ በዚያው ቦታ ለካ። ንባቡ ወደ 9 ቮልት ወርዶ ነበር።

ነገሩ የኦም ሕግ ነው፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በየዓመቱ የምናስተምረው። በአንድ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ የፍሰቱና የሬዚስታንሱ ብዜት ነው። ሽቦው ተነቅሎ ሲለካ ፍሰቱ ከዜሮ የማይለይ ስለሆነ የዛገ ማያያዣ እንኳ ምንም ቮልቴጅ አያጠፋም፤ ባትሪው ያለውን ሁሉ መለኪያው ያነበዋል። ሞተሩ ሲሠራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞተሩ 20 አምፔር ቢስብና ማያያዣው ከዝገት የተነሣ 0.15 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው 3 ቮልት በዚያች ነጥብ ላይ ይቀራል። ይህም ማለት 60 ዋት ሙቀት በአንዲት ቡሎን ላይ ይፈጠራል ማለት ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ብልሽቱን ያገኘውም በጣቱ ነበር፦ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት፣ ሞተሩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የታሰረበት ቡሎን ግሎ ነበር። ፈታው፤ አረንጓዴውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ መልሶ አጠበቀው። ሞተሩ ጮኸ።

ስለዚህ ተመዛዥ ክፍል እንቢ ባለ ጊዜ አስቀድሞ መለካት ያለበት ሥራ ላይ ያለ ቮልቴጅ ነው፤ በመጀመሪያ በባትሪው ጫፎች፣ ቀጥሎ በሞተሩ ጫፎች። ሁለቱም ከወረዱ የደከመው ባትሪው ነው፤ ሙሉ ባለ እርሳስ ባትሪ ከሥራ ውጭ አርፎ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12 ቮልት ብቻ ካሳየ ከአቅሙ ከግማሽ የሚበልጠው ተሟጧል። የባትሪው ደህና ሆኖ የሞተሩ ብቻ ከወረደ ግን ጥፋቱ በመካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ከፍታ የሌሊቱ ብርድ ሌላ ጣጣ ይጨምራል፤ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባለ እርሳስ ባትሪ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው አቅም አምስት እጁን አራቱን ያህል ብቻ ይሰጣል። ማለዳ እንቢ ያለ ክፍል እኩለ ቀን ላይ እሺ የሚልበት ጊዜ አለ።

ሞተሩ ጮኸ አልን እንጂ ክፍሉ ገባ አላልንም። አልገባም።

እዚህ ላይ በቤታችን ያለውን የሣጥን መሳቢያ እናስታውስ። ሁለት እጀታ ያለውን ሰፊ መሳቢያ በአንደኛው እጀታ ብቻ ብንገፋው ይዞርና ይቀረቀራል። በብርቱ በገፋነው መጠን ይበልጥ ይጠብቃል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ከመካከለኛው መስመር ርቀን ስንገፋ መሳቢያው የመዞር ዝንባሌ ያገኛል፤ መዞሩን የሚከለክሉት የመንሸራተቻው ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ መሳቢያውን ይጫኑታል። ጫናው ባለበት ሰበቃ አለ። ስሌቱን ብንሠራ ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦ መሳቢያው የሚንሸራተተው በመንሸራተቻው ውስጥ የቀረው ርዝመት ከሰበቃ ምጣኔውና ከመግፊያው የጎን ርቀት ብዜት እጥፍ ሲበልጥ ብቻ ነው። ልብ እንበል፤ በዚህ ሐረግ ውስጥ የምንገፋበት ኃይል የለም። ኃይሉን እጥፍ ስናደርግ ጫናውም ሰበቃውም እጥፍ ስለሚሆኑ ነው። የተቀረቀረን መሳቢያ አንድ ሰው ካላስገባው አሥር ሰውም አያስገባውም፤ ይሰብረዋል እንጂ።

ይህንን ወደ ክፍሉ እናምጣው። የክፍሉ ወርድ 3 ሜትር ነው እንበል። አንደኛው ሞተር ሲደክም የሚገፋው ሌላው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ከመካከለኛው መስመር 1.5 ሜትር ይርቃል። በአቧራ በተሸፈነ ሐዲድ ላይ የሰበቃ ምጣኔው 0.4 ቢሆን ክፍሉ እንዳይቀረቀር 1.2 ሜትር ርዝመት በመንሸራተቻው ውስጥ ሊኖረው ይገባል። ክፍሉ ሲወጣ ግን በመንሸራተቻው ውስጥ የሚቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ሐዲዱ ጠርቶ የሰበቃ ምጣኔው ወደ 0.1 ቢወርድ የሚያስፈልገው ርዝመት ልክ ያችው 30 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ንጽሕና ከሞተር ጉልበት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

እኛ ከመድረሳችን በፊት ከገበያው የተሰበሰቡ ወጣቶች በቅንነት «ሆ!» እያሉ በአንድ ማዕዘን ገፍተውት ነበር። የቀናው ጎን ከደከመው ጎን አራት ጣት ያህል ቀድሞ ገብቷል። ወጣቱ ሠራተኛ በሁለቱም ጎን ያለውን ክፍተት ለክቶ ያደረገው ነገር የማስገባት ተቃራኒ ነበር፤ የቀደመውን ጎን ሞተር ብቻ ወደ ውጭ መልሶ ሁለቱን ጎኖች አስተካከለ። ሴትዮዋ ክፍሉ ጭራሽ ሲወጣ ባዩ ጊዜ የጮኹትን አንረሳውም። ከተቀረቀረ መሳቢያ የሚወጣው ግን በዚህ መንገድ ነው፦ የቀደመውን መልሶ፣ የዘገየውን አግዞ፣ ሁለቱን እኩል አድርጎ እንደገና መጀመር።

ሌላም ጥፋት ነበረ። መኪናው የቆመው አንድ የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ወርዶ ዋልካ አፈር ውስጥ ሰምጦ ነው። ረጅም ሻንሲ እንዲህ ሲቆም ይጠማዘዛል፤ ክፍሉ የሚያልፍበት አራት ማዕዘን ቀዳዳም ቀጥ ያለ ማዕዘኑን ያጣል። ጥምዘዛው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ 2 ሜትር ቁመት ባለው ቀዳዳ ላይ ከላይና ከታች የ17 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈጥራል። ድንጋይና ጣውላ ተነጥፎ ጎማው በክሪክ ሲነሣ፣ ከክፍሉ ሥር ማንም እንዳይቆም ከተከለከለ በኋላ፣ ሁለቱ ሞተሮች በአንድነት ተነሡ። ክፍሉ በቀስታ ገባ። ገበያተኛው አጨበጨበ፤ እኛ መለኪያችንን ወደ ኪሳችን መለስን።

በዘይት ግፊት ስለሚሠሩት ጥቂት እንበል። ፓምፑ በዘይቱ ላይ ያሳደረው ግፊት እንደ ፓስካል ሕግ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚተላለፍ ትንሽ ፓምፕ ትልቅ ክፍል ያንቀሳቅሳል፤ የሲኖትራክ ገልባጭ ሣጥን የሚነሣውም በዚሁ ነው። ብልሽታቸው አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ማነስ፣ አየር መግባት ወይም መፍሰስ ነው። አደጋው ግን ከሁሉ ይከፋል። ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት መቶ ጊዜ የሚበልጥ ስለሆነ በመርፌ ቀዳዳ ከምታክል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ፈጣን ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እጅን ወይም ጣትን ሊያሳጣ ይችላል። የሚፈስበትን ቦታ በካርቶን እንጂ በእጅ ዳብሶ መፈለግ አይገባም።

ስለ ዕለት ተዕለት እንክብካቤ ስንመጣ የአካባቢያችን ጠላት በበጋ አቧራ፣ በክረምት የፎገራ ሜዳ ጭቃ ነው። ብዙ ሰው የተጋለጠውን ሐዲድ በግራሶ ይቀባል። ግራሶ አቧራን ይዞ ስለሚያስቀር በሳምንቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ልጥፍ ይሆናል። ሐዲዱን በጨርቅና በብሩሽ አጽድቶ ደርቆ የሚቀር ማለስለሻ መርጨት ይሻላል። በክፍሉ ዙሪያ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ደግሞ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት አይስማማውም፤ ያብጣል፣ ይላላል፤ የሚስማማው የሲሊኮን ቅባት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ አሥር በመቶ ያህል ስለሚጨምር በደጋው ያለ ላስቲክ ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለው ቀድሞ ይሰነጣጠቃል። የተሰነጠቀ ላስቲክ ውኃ ያስገባል፤ ውኃው የወለሉን እንጨት ያሳብጣል፤ ያበጠው ወለልም በተራው ክፍሉን ያጣብቃል። ክፍሉን ከማስገባት በፊት በጣሪያው ላይ የተጠራቀመውን ቅጠልና ጠጠር መጥረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁሉም ተሞክሮ ሞተሩ በእርግጥ ተቃጥሎ ቢገኝ አብዛኞቹ መኪኖች ክፍሉን በእጅ ማስገቢያ መንገድ አላቸው። በብዙዎቹ ሞተሩ ላይ ያለው ፍሬን ተለቆ ጥርሱ በመፍቻ ይዞራል። ይህን ከማድረግ በፊት የሞተሩን ፊውዝ መንቀል ይገባል፤ መፍቻው በዘንጉ ላይ እንዳለ አንድ ሰው ሳያውቅ ማብሪያውን ቢነካ መፍቻው የያዘውን ክንድ ይሰብራል። ሁለት ሰው በሁለቱ ጎን ሆኖ የዙሩን ቁጥር ጮክ ብሎ እየተጠራራ፣ አንዱ አምስት ዙር ካዞረ ሌላውም አምስት አዙሮ ሳይጨርስ ሳይቀጥል ያስገባው። ፍሬኑ ተለቆ ሳለ ክፍሉን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሥራው ሲያልቅ ፍሬኑ ወደ ቦታው መመለሱን ሳያረጋግጡ ሞተር አስነሥቶ መንገድ መጀመር አይገባም።