ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ

ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ግድም ነው። የዱር እንስሳት ተማሪው ጋቢውን ተከናንቦ ቋጥኝ ሥር ተቀምጧል። ከፊቱ አንድ ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ደርቆ ቆሟል። ፍልፈሉ ሣር ሊግጥ ብቅ እስኪል ቀበሮውም አይንቀሳቀስም፣ ተማሪውም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወንዶ ገነት ኮሌጅ የገባ ተማሪ ንድፈ ሐሳቡን ክፍል ውስጥ ያገኛል። የቀረው መስክ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ አደን ላይ ግን ለየብቻው ይወጣል። ባሌ ውስጥ ከሚያድነው ከ90 በመቶ በላዩ አይጥና ፍልፈል መሆኑ የታወቀው ዓይነ ምድሩ ተለቅሞ፣ ውስጡ የቀረው ጥርስና ፀጉር አንድ በአንድ ተለይቶ ነው።

ከተመራማሪው በፊት ግን ያየው እረኛው ነበር። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስሜን ተራሮችን ስም ወስዶ «ካኒስ ሲሜንሲስ» አለው። የባሌ ኦሮሞ «ጀዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። የእንግዴ ልጁን ለመብላት ልትወልድ የደረሰች ባዝራን ስለሚከተል ነው። ስሙ ራሱ የመስክ ማስታወሻ ነው።

እንስሳውን ብቻ ያጠና ተማሪ እንስሳውን ከጥፋት አያድንም የምለውም ለዚህ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ያሉት ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ፈጃቸው። በ2003 ደግሞ ተመልሶ በባሌው የወብ ሸለቆ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት አብዛኞቹን ጨረሰ። የበሽታው ምንጭ ከብት ከጅብ የሚጠብቀው የእረኛው ውሻ ነው። በዚያን ጊዜ ቀበሮዎቹ ራሳቸው እየተያዙ ተከትበዋል፤ ከዓመት ዓመት መከተብ ያለበት ግን ውሻው ነው።

ውሻ ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤቱን በቋንቋው ሰላም ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ የግጦሹን ችግር ሰምቶ ማሳመን የትኛው ፈተና ላይ ይመጣል? ነዳጅና አበል ባነሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የመስክ ቆይታ ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚቀረውም ይኸው ትምህርት ነው።

ሳነቴ ላይ ፀሐይ ወጣች። አንድ እረኛ በፈረስ ብቅ አለ፤ ውሻው ከኋላው ይሮጣል። ቀበሮው ጉድጓዱን ትቶ ሸሸ። ተማሪው ግን ለአደኑ መበላሸት አልተናደደም። ደብተሩን አጥፎ ተነሣና ወደ እረኛው አቀና፤ ውሻው መከተቡን ሊጠይቅ።