የሺያ ቅቤና የተሰነጠቀ ተረከዝ

ክረምቱ አልፎ የበጋው ነፋስ ሲበረታ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የወቅቱ ምልክት በእናቶች ቆዳ ላይ ወዲያው ይታያል። ከንፈር ይደርቃል፤ እጅ ይሻክራል፤ ተረከዝ ይሰነጠቃል። በአብዛኛው ቤት ለዚህ የሚነሣው ቫዝሊን ወይም ለጋ ቅቤ ነው። በኮስሞቲክስ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ግን «ሺያ በተር» የተባለው ቅባትም ተጨምሯል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ስሙ ቅቤ ይባል እንጂ የላም አይደለም፤ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ነው። ዛፉ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ደቡብ ሱዳንና ዩጋንዳ ይበቅላል፤ በአገራችንም በጋምቤላ ቆላ ይገኛል። የምሥራቁ ዓይነት ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ ነው። ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያስጠብቃል፤ በሰሜን ዩጋንዳ ለከሰል መቆረጡ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ሥራው የሴቶች ነው። የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሥጋው ይበላል፤ አስኳሉ ደርቆ ይፈለፈላል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ሊጡ ከውሃ ጋር በእጅ ሲታሽ ቅባቱ ነጥቶ ይንሳፈፋል፤ ከዚያም ተነጥሮ ይጠራል። ወተት የገፋች እናት ነገሩ እንግዳ አይሆንባትም።

ለቆዳ የሚሰጠው ጥቅም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ለቆዳው ውሃ አይጨምርለትም፣ ያለው እንዳይተን ይከድንለታል እንጂ። የደረቀ ተረከዝ ላይ እንዲሁ ቢለቀለቅ ብዙም አይጠቅምም።

ይህን በሚገባ የሚያውቁት ጎረቤቶቻችን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሚገኘው እዚሁ ኮልፌ ነው። በሥጋ ደዌ ነርቩ የተጎዳ እግር አያልብም፣ ሕመምም አይሰማውም፤ ስለዚህ ስንጥቁ ሳይታወቅ ቁስል ይሆናል፣ ቁስሉም እግር እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ሰዎች በየቀኑ በንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል እንዲዘፈዝፉ፣ የጠጠረውን ቆዳ በስሱ እንዲፍቁ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋም ቅባት እንዲቀቡ ይመከራሉ። ቅባቱ ውድ መሆን አያስፈልገውም፤ ቫዝሊን ይበቃል።

እንግዲህ ገንዘቡ ያላት እኅት ሺያውን ትግዛ፤ የሌላት አትጨነቅ። የምትገዛዋ ሽቶና ቀለም ያልገባበትን ትምረጥ። የአዲስ አበባ ማለዳ ስለሚያጠነክረው በመዳፍ አሙቆ መቀባት ነው። ፀሐይ ይከላከላል የሚባለውን አትመኑ። የሕፃን ቆዳ ውሃ ካዠ ወይም መግል ከያዘ ግን ጉዳዩ የቅባት አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።