የፖሊስ አዛዡ ሕግ ነው

መለዮ የለበሰ ሰው በሕዝብ ፊት ሲቆም የሚታየው ግለሰቡ ሳይሆን መንግሥት ነው። ይህ ለወታደርም ለፖሊስም እኩል ይሠራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ሥነ ሥርዓት ይመራሉ ማለት አይደለም። ልዩነቱን አጥርቶ ማወቅ ለመለዮ ለባሹም ሆነ ለከተማው ነዋሪ የሚጠቅም በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፋችን ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ፣ በተለይም ሙኑኪ ከሚባለው ክፍሏ በመነሣት ጉዳዩን እንመረምራለን።

በነጭ ዓባይ ዳር የተቆረቆረችው ጁባ ጁባ፣ ካቶርና ሙኑኪ በሚባሉ ሦስት ነባር ክፍሎች የተከፈለች ናት። እነዚህ ክፍሎች በሀገሩ አጠራር «ፓያም» ይባላሉ፤ በእኛ ዘንድ ወረዳ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን ነው። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ በሙኑኪና በአካባቢው ከስደት የተመለሰው፣ ከየገጠሩ የመጣውና ከጎረቤት ሀገሮች ለንግድ የገባው ሕዝብ ተደባልቆ ይኖራል። የሀገራችን ሰዎችም በጁባ ምግብ ቤትና ሆቴል ከፍተው፣ ሱቅ ዘርግተው፣ ውኃ በቦቴ እያመላለሱ ኑሮአቸውን መሥርተዋል። እንዲህ ባለ ልዩ ልዩ ቋንቋና ጎሣ በተቀላቀለበት ሰፈር ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ የመንግሥት ሰው ቢኖር ፖሊሱ ነው። ነዋሪው መንግሥቱን የሚያውቀው በሚኒስትሮቹ ንግግር ሳይሆን በመንገድ ላይ ባገኘው ፖሊስ አድራጎት ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ

የደቡብ ሱዳን የፖሊስ ሠራዊት ሲቋቋም ከአባላቱ ብዙዎቹ ለሃያ ዓመታት በላይ በቆየው ጦርነት የተዋጉ የነፃነት ታጋዮች ነበሩ። ደፋሮችና መከራን የለመዱ ሰዎች መሆናቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን ከመካከላቸው ማንበብና መጻፍ የማይችለው ብዙ ነበር። የተከሳሽን ቃል መቀበል፣ መዝገብ መያዝና ማስረጃ መጠበቅ ደግሞ ያለ ፊደል የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በጽሑፍ ረገድ ሕግ አልጎደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የፖሊስ አገልግሎት ሕግ ወጣ። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነት ሲታወጅ በሥራ ላይ የዋለው የሽግግር ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 155 የብሔራዊ ፖሊስ አገልግሎትን አቋቋመ። በዋዜማው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1996 እስከ 7,000 ወታደሮችና እስከ 900 ፖሊሶች ያሉት ተልዕኮ እንዲሰማራ ፈቀደ። ከዓላማዎቹም አንዱ የአዲሲቱን ሀገር ፖሊስ ማሠልጠንና ማደራጀት ነበር።

ችግሩ የታየው በአፈጻጸም ነው። ከጁባ አቅራቢያ በሚገኘው የራጃፍ የፖሊስ ማሠልጠኛ በ2003 ዓ.ም. ምልምሎች እንደተደበደቡና በሴቶችም ላይ የመድፈር ወንጀል እንደተፈጸመ የሚገልጽ መረጃ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ወጣ። ከዚያም ነሐሴ 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ማለትም ነፃነት በታወጀ በስድስተኛው ሳምንት፣ የዚያው የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ የሰብዓዊ መብት ክፍል ኃላፊ በጁባ በፖሊሶች ተደብድበው ሆስፒታል ለመተኛት በቁ። ሁለቱ ድርጊቶች ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም። በዱላ ተቀጥቅጦ የተማረ ምልምል ነገ በመንገድ ላይ የሚያሳየው ያንኑ የተማረውን ነው። ሥነ ሥርዓት የሚዘራው በማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ነውና፣ ምልምሉን አዋርዶ ሕዝብ አክባሪ ፖሊስ ማፍራት ከቶ አይቻልም።

ሁለቱ ሥነ ሥርዓቶች

እኛ ወታደሮች የተማርነው ሥነ ሥርዓት በጓድ፣ በመቶና በሻለቃ የሚሠራ ነው። ወታደሩ የሚንቀሳቀሰው ከጓዶቹ ጋር፣ በአዛዡ ዓይን ሥር ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ጠላት ነው፤ የሚለካውም ትዕዛዝን በፍጥነትና በትክክል በመፈጸሙ ነው።

ፖሊሱ ግን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ብቻውን ወይም ከአንድ ባልደረባው ጋር ነው። በሌሊት በመንገድ ላይ አንዱን መንገደኛ ሲያስቆም አዛዡ በአጠገቡ የለም። ፊት ለፊቱ ያለው ጠላት ሳይሆን ሊጠብቀው ቃል የገባለት ዜጋ፣ ወይም በሀገሩ የተጠለለ እንግዳ ነው። በዚያች ሰዓት የሚያዝዘውም የሚቆጣጠረውም ሕግ ብቻ ነው። እንግዲህ የፖሊስ ሥነ ሥርዓት ማለት አዛዡ በሌለበት ሕግን አዛዥ አድርጎ መሥራት ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ሌሎች ሀገሮች ገና ከጅምሩ አስበውበታል። በ1821 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም፣ ሕዝቡ ፖሊሱን ከቀይ ለባሹ የጦር ሠራዊት እንዲለየው ሰማያዊ ልብስ አለበሰው። በሀገራችንም ከአራዳ ዘበኛ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 የፖሊስ ሠራዊት በሕግ ሲቋቋም የሥልጣኑ ምንጭ አዋጁ ሆነ። ከዚያም በፊት ቢሆን ሕዝባችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚሮጠው ይቆም፣ የተጣላው ይገላገል ነበር። ያስቆመው ጠመንጃ ሳይሆን የሕግ ስም ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ታኅሣሥ 7 ቀን 1972 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 34/169 የሕግ አስከባሪዎችን የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል። ደንቡ ስምንት አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር ሰነድ ነው። ፖሊስ ሕግ የጣለበትን ግዴታ ይፈጽም፤ የሰውን ክብር ይጠብቅ፤ ኃይልን የግድ ካልሆነ በቀር፣ ከሚያስፈልገውም መጠን በላይ አይጠቀም፤ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ይጠብቅ፤ ማንንም አያሠቃይ፤ በእጁ ያለውን እስረኛ ጤና ይንከባከብ፤ ከጉቦ ይራቅ፤ ሕግንና ይህንኑ ደንብ ያክብር፣ የሚጥሰውንም ይቃወም ይላል። ከማሠልጠኛ የሚወጣ ማንኛውም ፖሊስ እነዚህን ስምንት ቁም ነገሮች በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል።

የጊዜ ወሰንም እንዲሁ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። በደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት ፖሊስ ለምርመራ የያዘውን ሰው ከ24 ሰዓት በላይ ሊያቆየው አይችልም፤ በዋስ ካልለቀቀው ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። በሀገራችን ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 19 የሚፈቅደው 48 ሰዓት ነው። ስለዚህ የተያዘው ሰው የገባበትን ሰዓት በመዝገብ የሚጽፈው የጣቢያ ሠራተኛ ሥራው እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ የሚታይ አይደለም። ሰዓቱ ካልተጻፈ የሰውየው መብት መቼ እንደተጣሰ የሚያውቅ አይኖርም።

የጭብጦዋ ነገር

አበው «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። በጁባ መንገዶች ላይ የሚሰማው ምሬት ይህንኑ ይመስላል። የቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂው፣ የቦቴ ሹፌሩ፣ ቋንቋውን አጥርቶ የማያውቀው የውጭ ሀገር ነጋዴ አዘውትረው የሚያነሡት ቅሬታ ያለ ደረሰኝ ስለሚጠየቁት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ጥፋት ያለበት ሰው በሕግ ተቀጥቶ ደረሰኝ ቢቀበል ቅጣቱ ቢከብድበትም ዳኝነት አገኘ ይባላል። ያለ ደረሰኝ የተወሰደበት ግን የተዘረፈ ያህል ይቆጥረዋል፤ በማግሥቱም ወንጀል ቢያይ ወደ ጣቢያ ሄዶ አያመለክትም። ፖሊስ ደግሞ የሕዝብ ጥቆማ ከተነፈገው በጨለማ እንደሚዳክር ሰው ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ እውነት አለ። የደቡብ ሱዳን ፖሊስና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች በየጊዜው ለወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። የመንግሥቱ ገቢ በአብዛኛው በነዳጅ ዘይት ላይ የተመሠረተ ነው። በሱዳን በኩል የሚያልፈው ዋናው ቧንቧ በ2016 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ሲበላሽ ችግሩ ይበልጥ ተባባሰ። ልጆቹ የተራቡበት ፖሊስ በመንገድ ላይ እጁን ቢዘረጋ ምክንያቱ ይገባናል፤ ድርጊቱን ግን አንቀበለውም። የአለቆቹም ኃላፊነት ከእርሱ ያላነሰ ነው። ደመወዙን በጊዜው ሳይከፍሉ ሥነ ሥርዓትን ከበታች ሠራተኛው ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም።

ትዕዛዝ ከሕግ በላይ ሲውል

ከጉቦ የከፋው አደጋ ፖሊስ የሕግን አዛዥነት ጨርሶ ሲረሳ የሚደርሰው ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት ፈነዳ። በማግሥቱም በሙኑኪ ጎረቤት በጉዴሌ በአንድ የፖሊስ ሕንፃ ውስጥ ታጉረው የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኑዌር ተወላጆች በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። የሰብዓዊ መብት መርማሪዎች ከሞት ከተረፉት ሰዎች ቃል ተቀብለው ድርጊቱን መዝግበውታል። በእነዚያ ቀናት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር የከተማው ነዋሪ ነፍሱን ለማዳን የሮጠው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰፈሮች ነበር። አንድ የፖሊስ ሠራዊት በሕዝቡ ዘንድ ያለው እምነት ከዚህ የበለጠ ግልጽ መለኪያ ሊቀርብለት አይችልም። የጸጥታው ምክር ቤትም በግንቦት 2006 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2155 የተልዕኮውን ሥራ ከመንግሥት ግንባታ ወደ ሰላማዊ ሰዎች ጥበቃ አዞረው።

ይህን የምንጽፈው በጎረቤት ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። በሀገራችንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ሰው ያለ ፍርድ ከቤቱ ተወስዶ ተገድሏል፤ ሬሳው በመንገድ ላይ ተጥሏል። በኋላ ፍርድ ቤት የቀረቡት ከፈጻሚዎቹ ብዙዎቹ «ታዝዘን ነው» ብለዋል። ከላይ የጠቀስነው የ1972ቱ ደንብ በአንቀጽ 5 ለዚህ መልስ ይሰጣል፦ የበላይ ትዕዛዝም ሆነ ጦርነት ወይም የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ሰውን ለማሠቃየት ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ወታደርም ቢሆን ወንጀል የሆነ ትዕዛዝ እንዲፈጽም አይገደድም። ፖሊስ ደግሞ ሥራው ራሱ ወንጀልን መከላከል ስለሆነ በእርሱ ላይ ግዴታው እጥፍ ነው።

ጥፋት ሲቀጣ

ሥነ ሥርዓት በምክር ብቻ አይጸናም። የሚቀጣው ሲቀጣ ሌላው ይማራል። ሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. በጁባ ቴሬይን በተባለ ሆቴል ወታደሮች አንድ ጋዜጠኛ ገድለው የእርዳታ ሠራተኞችን ደፍረዋል። ጉዳዩ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ታይቶ ጳጉሜን 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በ10 ወታደሮች ላይ ፍርድ ተሰጠ። ፍርዱ ከሁለት ዓመት በላይ ቢዘገይም መለዮ ከተጠያቂነት የማይሸሽጉበት ልብስ መሆኑን አሳይቷል። በአንጻሩ በጉዴሌ ለተገደሉትና ለመሰሎቻቸው ፍትሕ ይሰጣል ተብሎ በሰላም ስምምነቶቹ ቃል የተገባው ድብልቅ ፍርድ ቤት ለዓመታት ሳይቋቋም ቆይቷል። ቃል ተገብቶ ያልተፈጸመ ፍርድ በሠራዊቱ ውስጥ የሚያስተላልፈው ትምህርት አደገኛ ነው።

መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የታደሰ የሰላም ስምምነት መሠረት፣ ከየወገኑ የተውጣጡ ታጣቂዎች ተዋሕደው ከሚመረቁት መካከል ፖሊሶችም ይገኛሉ። የመጀመሪያው ምርቃት በጁባ ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተከናውኗል። ትናንት የተታኮሱ ሰዎች ዛሬ በአንድ ጣቢያ ለጥበቃ ተሰልፈው መታየታቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም መለዮ መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ከጠላት አመለካከት ወደ ዜጋ አመለካከት መሻገር ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ይህም ሥልጠና፣ በጊዜው የሚከፈል ደመወዝ፣ በሥርዓት የተያዘ መዝገብ፣ ሕዝቡ ሳይፈራ አቤት የሚልበት በርና አጥፊውን የማይምር ዳኝነት ሲኖር የሚፈጸም ነው። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ አራቱ ይዳከማሉ።

በየከተማችን በጥበቃ ላይ ያላችሁ የፖሊስ ባልደረቦችና የጦር ሠራዊት አባላት ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት ቀላል ነው። ማንም በማያያችሁ ሰዓት፣ ቋንቋችሁን የማያውቅ እንግዳ ወይም ጠያቂ የሌለው ድኻ ፊታችሁ ሲቆም የምታደርጉት ነገር የሥነ ሥርዓታችሁ ትክክለኛ ሚዛን ነው። የከተማው ነዋሪም የበኩሉ ድርሻ አለበት። ጉቦ አትስጡ፤ ቅጣት ሲጣልባችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ዘመዳችሁ ሲያዝ የተያዘበት ሰዓት በመዝገብ መጻፉን አረጋግጡ። በሙኑኪም ሆነ በእኛ ከተማ ፖሊስና ሕዝብ የሚተማመኑት ሁለቱም ለአንድ ሕግ ሲገዙ ነው።