በአውቶሞቢል ጎማ ጎን ላይ ስለሚጻፍ ፊደል

ሰው የራሱ በሆነው ዕቃ ላይ ምልክቱን ማኖር ይወዳል። ጋሻውን በብር የሚያስለብጥ፥ የበቅሎውን ኮርቻ በወርቅ ክር የሚያስጠልፍ፥ የዳዊቱን ማኅደር የሚያስጌጥ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በአሜሪካ አገር ደግሞ አሮጌ አውቶሞቢል ገዝተው፥ እስከ አጥንቱ ፈትተው፥ ሞተሩን አበርትተውና አካሉን አቅልለው እንደ ገና የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለው መኪና «ሆት ሮድ» ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ማስጌጥ ከመኪናው ቀለምና ከቸርኬው አልፎ እስከ ጎማው ጎን ስለ ደረሰ፥ በጥቁሩ ላስቲክ ላይ በነጭ፥ በቀይ ወይም በቢጫ ፊደል ይጽፋሉ። ሥራው ብዙ ጊዜ አባትና ልጅ በግቢያቸው ውስጥ አብረው የሚሠሩት ስለ ሆነና የቤተ ሰብም ደኅንነት ያለበት ስለ ሆነ፥ በዚህ ገጽ ላይ ብንጽፈው አግባብ መስሎ ታየን።

የልማዱ መነሻ የካሊፎርኒያ ደቡባዊ ክፍል ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምናስቀምጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1930ዎቹ ዓመታት በዚያ የነበሩ ጐልማሶች አሮጌ የፎርድ መኪና በርካሽ እየገዙ፥ የጭቃ መከላከያውን እያነሡ፥ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በሚባሉት ደረቅ የሐይቅ ወለሎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። የፎርድ ፋብሪካ በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር በመጠነኛ ዋጋ ስላወጣ፥ ያ የ1932 መኪና እስከ ዛሬ ድረስ በሆት ሮድ ወዳጆች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተወደደ ነው። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ ሰዓት መዝጋቢዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በጃንዋሪ 1948 ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራው «ሆት ሮድ» መጽሔት መታተም ጀመረ። በእነዚያ መኪናዎች ጎማ ላይ ግን ዛሬ የምናየው ነጭ ፊደል አልነበረም። የፋብሪካው ስም በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኖ የተቀረጸ ስለ ነበር፥ ቀርቦ ላላየው ሰው አይነበብም ነበር።

ጎማ ከፍጥረቱ ጥቁር አይደለም። ከዛፉ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እንደ ወተት ነጭ ነው። ቻርልስ ጉድየር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋራ ቀላቅሎ በእሳት ቢያሞቀው፥ በሙቀት የማይቀልጥና በብርድ የማይሰነጠቅ ሆኖ አገኘው። ይህ ሰው በ1860 ሲሞት ዕዳ እንጂ ሀብት አልነበረውም። በኦሃዮ ክፍል በአክሮን ከተማ በ1898 የተቋቋመው ኩባንያ ስሙን ለክብሩ ወሰደ እንጂ፥ ከእርሱም ሆነ ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ዛሬ በስንቱ መኪና ጎማ በነጭ ፊደል የሚነበበው ስም እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ጎማ አንዲት ሳንቲም ያላገኘ ሰው ስም ነው።

የመጀመሪያዎቹ የአውቶሞቢል ጎማዎች ወደ ነጭነት ያደሉ ነበሩ። ከ1910ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ግን ፋብሪካዎቹ ጥላሸት ከላስቲኩ ጋራ ቢቀላቅሉ ጎማው እጅግ እንደሚጠነክርና ቶሎ እንደማያልቅ ተረዱ። ቁም ጸሐፊዎቻችን ለብራና የሚሆነውን ጥቁር ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸት መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ያስደንቀዋል፤ በእኛ ዘንድ ፊደሉን ያጠቈረው ጥላሸት በዚያ የፊደሉን ሜዳ አጠቈረው። በዚህም ምክንያት በጎማ ላይ የሚጽፍ ሰው ሥራው የጸሐፊ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጥቁር ብራና ላይ በነጭ ቀለም ይጽፋል።

ነጩ ፊደል የመጣው ከእሽቅድምድም ሜዳ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የጎማ ፋብሪካዎች በውድድር መኪናዎች ጎማ ላይ ስማቸውን ከሩቅ እንዲታይ አድርገው ያስጽፉ ጀመር፤ ፎቶግራፍ አንሺው መኪናውን ባነሣ ቁጥር የፋብሪካው ስም አብሮ ይነሣልና። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ማንም ሰው ከሱቅ በሚገዛው ጎማ ላይ ሳይቀር ከፍ ብሎ የሚታይ ነጭ ፊደል ወጣ። አሠራሩ የሚያስገርም ነው። በጎማው ጎን ውስጥ ነጭ ላስቲክ ይቀበራል፤ በላዩም ስስ የሆነ ጥቁር ላስቲክ ይለብሳል። ጎማው በቅርጹ ውስጥ በስሎ ከወጣ በኋላ የፊደሎቹ ፊት ብቻ ሲሞረድ ጥቁሩ ይገፈፍና ነጩ ይወጣል። ስለዚህ የፋብሪካው ነጭ ፊደል በላዩ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የተገለጠ ነው።

በፎርሙላ አንድ ውድድር ደግሞ የፊደሉ ቀለም ራሱ ቃል ሆኗል። ከ2019 ጀምሮ የፒሬሊ ኩባንያ በየውድድሩ ከሚያቀርበው ጎማ እጅግ ለስላሳው በቀይ፥ መካከለኛው በቢጫ፥ ጠንካራው በነጭ ይጻፋል፤ ለጥቂት ዝናም አረንጓዴ፥ ለብዙ ዝናም ሰማያዊ ነው።

የሆት ሮድ ባለቤቶች ፋብሪካው በጻፈው ብቻ አይረኩም። አንዳንዱ በጥቁር የተቀረጸውን የፋብሪካ ስም ቀለም ያለብሰዋል፤ አንዳንዱ የከተማውን፥ የሚስቱን ወይም ለመኪናው ያወጣለትን ስም ያስጽፋል። ለዚህም ከላስቲክ ተቈርጠው የተሠሩና በማጣበቂያ የሚለጠፉ ፊደሎች ይሸጣሉ። በእጁ መጻፍ የሚወድ ግን ከብራና ጸሐፊ ሥርዓት ብዙም አይርቅም። ብራና በደንብ ካልተፋቀና ስቡ ካልወጣ ቀለም እንደማይዝ ሁሉ፥ አዲስ ጎማም ከቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ስላለበት በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፥ ከደረቀም በኋላ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥራት አለበት። ቤንዚን የላስቲክ ጠላት ስለ ሆነ ከቶ አይነካውም። ጎማው ተነፍቶ በሙሉ ቅርጹ ላይ ሳለ ይጻፋል፤ ሳይነፋ የተለጠፈ ፊደል በተነፋ ጊዜ ይለቃል።

አሰላለፉ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ነው። ብራና ጸሐፊ መስመሩን በወስፌ ቀጥ አድርጎ ያሰምራል፤ የጎማ ጸሐፊ መስመር ግን ክብ ነው። ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ዙሪያው ወደ 220 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፊደሉ የሚሰፍርበት ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስፋቱ 56 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነው ክብ ላይ ስለ ሆነ፥ ያለው ቦታ ወደ 176 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እያንዳንዱ ፊደል እግሩን ወደ ቸርኬው መካከል አድርጎ መቆም አለበት። ከመካከል በተሳበ ሲባጎና በጠመኔ ሳይለካ የጀመረ ሰው ወይ የመጨረሻው ፊደል ቦታ ያጣል፥ ወይ ቃሉ እንደ ሰካራም ያዘነብላል።

ቀለሙም ለላስቲክ የተዘጋጀ፥ የሚለጠጥ መሆን ይገባዋል። የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋልና የግድግዳ ወይም የብረት ቀለም በጥቂት ቀን ተሰንጥቆ ይረግፋል። አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሦስት ስስ ቅብ፥ በየመካከሉ እያደረቁ መቀባት ይሻላል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ነጩ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ጎማውን ከአየር ጕዳት የሚጠብቀው መድኃኒት ከውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ያቈሽሸዋልና። እድፉ በሳሙናና በብሩሽ ሲታጠብ ይለቃል፤ የሽቦ ብሩሽ ግን ላስቲኩን ስለሚልጥ አይገባም።

በወዳጆቹ መካከል ክርክር አለ። የ1932 መኪና በ1940ዎቹ ዓመታት አምሳል የሠሩት ሰዎች «በዚያ ዘመን ያልነበረ ነጭ ፊደል ለምን?» ይላሉ፤ ሌሎቹም ፊደሉን ወደ ውስጥ መልሰው ጥቁሩን ጎን ወደ ውጭ ያደርጋሉ። ለእኛ ግን የፊደል ማማር የሚታየን በልኩ ሲሆን ነው። አራቱም ጎማ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተጽፎበት ያየነው መኪና መኪናው ራሱ ከዓይን ይሰወራል። ደግሞም ጎማ ሲሽከረከር ጽሕፈቱ የማይነበብ ስለ ሆነ፥ በትርኢት ቀን ባለቤቶቹ አራቱም ስሞች ቀጥ ብለው እንዲቆሙ መኪናውን እየገፉ ሲያስተካክሉ ማየት ሳቅ ያስመጣል።

አሁን ግን የማያስቀው ነገር ይምጣ። ጥቂቶች የፋብሪካውን ፊደል ጠልተው በመሞረጃ ያጠፉታል፥ ወይም አዲስ ፊደል በስለት ይቀርጻሉ። የጎማ ጎን ስስ ነው፤ ሸክሙን የሚይዘው የክር ድርብ ከላስቲኩ ሥር በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ተሸፍኖ ይገኛል። በጥርሱ በኩል የተበሳ ጎማ ይጠገናል፤ በጎኑ የተጎዳ ግን የሚጣል እንጂ የሚጠገን አይደለም። ስለዚህ መቀባት ይቻላል፤ መቍረጥና መሞረድ ግን ከቶ አይፈቀድም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ነጭ ፊደል ጎማውን ወጣት ያስመስለዋል። ሆት ሮድ የበዓል መኪና ስለ ሆነ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይነዳል፤ ጥርሱ አያልቅም፥ ላስቲኩ ግን ቆሞም ያረጃል። በ30 ኖቬምበር 2013 በካሊፎርኒያ የሞተው የፊልም ተዋናይ ፖል ዎከር ተሳፍሮበት የነበረው ፖርሽ መኪና ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩ። የሎስ አንጀለስ ሸሪፍ መርማሪዎች በ2014 በሰጡት ቃል፥ የፍጥነቱ ልክ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሆነበት መንገድ መኪናው ከ129 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ ዋናው ጥፋት የፍጥነት ነው፤ ያረጁት ጎማዎች ግን መኪናውን ለመቈጣጠር እንቅፋት እንደ ነበሩ አብረው ገልጸዋል። ከመኪና ሠሪዎች አንዳንዶቹ ጎማ በስድስት ዓመት እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ከጎማ ሠሪዎችም ከዐሥር ዓመት እንዳያልፍ የሚሉ አሉ።

ዕድሜው በጎማው ላይ ተጽፏል። በአሜሪካ በሚሸጥ ጎማ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደሎች በኋላ ተራ ቁጥር ይከተላል፤ ከ2000 ጀምሮ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ። 2319 ቢል በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መጨረሻው ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ለመንገድ አይሆንም። እንደዚሁም 91V የሚል ቢገኝ፥ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፥ ቪ ማለት በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። እነዚህን ጥቃቅን ጽሕፈቶች በቀለም የሚሸፍን ወይም በሞረድ የሚያጠፋ ሰው፥ ነገ መኪናውን የሚገዛውን እንግዳና በውስጡ የሚሳፈሩትን ልጆች ማስጠንቀቂያ ይነሣቸዋል።

በብዙ ጎማ ላይ ሙሉው ቁጥር የሚገኘው በአንደኛው ጎን ብቻ ነው። የጎማው ፊት ወደ ውስጥ የዞረ እንደ ሆነ ቁጥሩም አብሮ ይሸሸጋል፤ መኪናው ቆሞ ሳለም ለማየት ያስቸግራል። ለጽሕፈት ሲባል ጎማው ከወረደ ግን ሁለቱም ጎን በእጅ ነው። አባት መብራቱን ይያዝ፤ ልጁ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጠርጎ አራቱን አኃዞች ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የቀለሙ ቆርቆሮ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።